«ድሃ ነኝ» የሚል ወረቀት

«ጋሼ፣ ድሃ መሆናችንን ለማን ነው የምናስመሰክረው?»

ጥያቄው በስልክ ከመካነ ኢየሱስ ነው የመጣው። የጠየቀችኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት። የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ቀድማት የገባች አንዲት የሰፈሯ ልጅ በቴሌግራም «ለችግረኛ ተማሪ ድጋፍ አለ፣ ግን ከቀበሌ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» ብላ ጻፈችላት። እሷም ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። በማግስቱ ስትሄድ ጸሐፊው አለ፣ ማኅተሙን የያዘው ሰውዬ የለም። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ተገኙ። «አባትሽ መሬት አለው አይደል? መሬት ያለው ሰው እንዴት ችግረኛ ይባላል?» ብለው መለሷት።

እኔም መልስ አልነበረኝም። ይህንኑ ጥያቄ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆኝ ዝም ብዬው ነበር። አሁን እሷም ስትጠይቀኝ ዝም አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው።

ሳይመረቅ የተመረቀ ቤት

መካነ ኢየሱስ ፕሪፓራቶሪ ስንማር አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ቤተሰቦቹ በስማዳ በኩል ገጠር ነው የሚኖሩት። ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ተከራይቶ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በእግሩ ይወጣል፣ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴም ድንች ነው። የእስቴም፣ የጋይንትም፣ የስማዳም ልጅ ይህን ሕይወት ያውቀዋል። እኔ የከተማ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጠላ እየሸጠች ብቻዋን ታሳድገናለች፤ ቢሆንም ማታ ማታ ትኩስ እራት አገኛለሁ። በሒሳብ ግን እሱ ይበልጠኛል።

ሁለታችንም አለፍንና በ2005 ዓ.ም. አንድ ዩኒቨርሲቲ ደረሰን። የትኛው እንደሆነ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። እናቴ የዕቁብ ተራ ለምና አስቀድማ አወጣችልኝ። የእሱ አባት በጎች ሸጡ። በዚያ ብር ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ሻንጣና የአውቶቡስ ትኬት ተገዛ። ጊቢ ስንደርስ እኔ ኪሴ ውስጥ ጥቂት ነበረችኝ፣ እሱ ባዶ ነበር።

በመጀመሪያው ወር ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ችግረኛ የሆነ ተማሪ ከቀበሌው ማስረጃ አቅርቦ በተጠቀሰው ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ለሳሙናና ለሃንድአውት ኮፒ የምትሆን ትንሽ ብር በየወሩ ያገኛል ይላል። ጓደኛዬ ደስ አለው። ችግሩ ደብዳቤው ያለው ሁለት ቀን በሚያስኬድ መንገድ ማዶ መሆኑ ነው። ቤተሰቦቹ ዘንድ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ከዶርም ልጆች ተበድሮ ራሱ ሄደ።

ቀበሌው አልጻፈለትም። ምክንያቱን ስሙት፦ «አባትህ እኮ ከሴፍቲኔት ተመርቋል!»

ለማታውቁት ላስረዳ። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ፣ በምግብ ራሱን መቻል ያቃተውን የገጠር ቤተሰብ የሚደግፍ ትልቅ ፕሮግራም ነው። ስማዳ፣ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት የታወቁ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው። አንድ ቤተሰብ ጥሪት አፍርቷል ተብሎ ከዝርዝሩ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። የጓደኛዬ አባትም በቀደመው ዓመት «ተመርቀው» ነበር። ለልጃቸው መንገድ የሸጧቸው በጎች ምናልባት ያስመረቋቸው ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም በጎቹ አሉ።

ሲመለስ የምዝገባው ቀን አልፏል፣ አንድ ፈተናም አምልጦታል። የመኪናውን ብድር መክፈል አለበት። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ «አንተ ብትሆን ድሃ መሆንህን ለማን ታስመሰክራለህ?» አለኝ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጀመር ዊዝድሮው ሞልቶ ወጣ። ቤቱ ተመርቆ ልጁ ሳይመረቅ ቀረ።

ዝም ያልኩበት ምክንያት ደግሞ ይኸው። እኔ ደብዳቤ ነበረኝ። እናቴ አጽፋ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀምጣልኛለች። ግን አልተመዘገብኩም። ያለፈው ዓመት ተጠቃሚዎች ዝርዝር፣ ሙሉ ስም ከነዲፓርትመንቱ፣ ካፌ በር ላይ ተለጥፎ አይቼ ነበር። አንዲት ልጅ ስሟን አይታ ወረቀቱን ቀዳ ስትሄድም አይቻለሁ። «በቃ፣ እኔ እዚያ ላይ አልወጣም» አልኩ። ያን ዓመት ሃንድአውት እየተዋስኩ ሌሊት በእጄ ስገለብጥ አለፈ።

«ነፃ» ሳይሆን ዱቤ

ብዙ ሰው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው ይላል። ነፃ አይደለም፣ ዱቤ ነው። በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጪ መጋራት ተጀመረ። በጊቢ ቋንቋ ኮስት ሼሪንግ የምንለው ማለት ነው። ተማሪው የትምህርቱን ወጪ የተወሰነ ክፍል፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ራሱ ይሸከማል፤ የሚከፍለው ግን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ፣ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። ለመምህርነት የሚሠለጥን በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድም አለ። ሐሳቡ አውስትራሊያ በ1989 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው ዘዴ ጋር ዝምድና አለው፤ መጀመሪያ ተማር፣ ስታገኝ ክፈል የሚል ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እኔ ያለ እሱ አልማርም ነበር። የጠላ ሻጭ ልጅ መግቢያ ላይ ክፈል ቢባል ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ዱቤው የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን እንለይ።

ዱቤው እንጀራውን፣ አልጋውንና ክፍሉን ይሸፍናል። ከመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ እስከ ጊቢ በር ያለውን ትራንስፖርት አይሸፍንም። ብርድ ልብስ አይገዛም። ሞዴስ አይገዛም። ኮፒ አያስነሳም። አሁን ደግሞ አሳይመንቱም፣ ማስታወቂያውም፣ የክፍል ለውጡም በቴሌግራም ነውና ስልክና ዳታ ከሌለህ ግማሹ ትምህርት ያመልጥሃል። ተማሪ የሚወድቀው በትልቁ ወጪ ሳይሆን በእነዚህ ትንንሾቹ ነው። ድጋፉ የተሠራው ለእነዚህ ነበር፤ እሱ ደግሞ በወረቀት ታጥሯል።

ሁለተኛው ነገር፣ ዱቤው እያደገ ነው። የተማሪ የምግብ በጀት ለዓመታት በቀን 15 ብር ነበር፣ ከዚያ 22 ሆነ፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ አለ። የጊቢ ምግብ የበላ ሁሉ ጭማሪው የግድ እንደነበር ያውቃል። ስሌቱን ግን ሥሩት። 100 ብር በ30 ቀን፣ በአሥር ወር፣ 30 ሺህ ብር በዓመት። የምግብ ወጪ በሙሉ በተማሪው ስም ከተመዘገበ በአራት ዓመት 120 ሺህ ብር ነው። ይህን ቁጥር ለአንድ ገበሬ ስትነግረው «ልጄ ዕዳ ልትገባ ነው?» ይላል። ስንት በሬ እንደሆነ በልቡ ያሰላዋል። ከደመወዝ ላይ እንደሚቆረጥ፣ ሥራ እስኪያዝ ማንም በር እንደማያንኳኳ የሚነግረው ሰው ከሌለ፣ ልጁን ማስቀረት ብልህነት ይመስለዋል።

ሦስተኛው ከምረቃ በኋላ የሚመጣ ነው። ቴምፖ ይሰጥሃል፣ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን ዕዳህ ሳያልቅ አታገኝም። አንዳንድ ሥራ ደግሞ ያለ ኦፊሻል አይሆንም። በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀጣሪዬ በየወሩ ቆርጦብኛል፣ ፔይሮሉ ላይ ይታያል። ክሊራንስ ልወስድ ስሄድ ገንዘቡ በስሜ አልገባም ተባልኩ። ደረሰኝ ፍለጋ አንድ ክረምት ሙሉ ተመላለስኩ። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር መመላለስ ችያለሁ። እስቴ ገጠር የሚያስተምር ሰው ቢሆንስ?

ያለፉት ጥቂቶች ናቸው

ነገሩ አሁን የባሰ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠኝ እንኳ አልሞላም። በዚያ ላይ የእኛ አካባቢ ልጆች በምን ውስጥ አልፈው እንደተፈተኑ አስቡት። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ግጭት አለ፣ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ ሌላ ቀን ዝግ። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ደግሞ የሚወጣው በፌስቡክና በቴሌግራም ነው።

በዚህ ሁሉ አልፋ የመጣችን ልጅ በአንድ ማኅተም ምክንያት ብናጣት የቱ አገር ይቅር ይለናል?

ሌላም እየመጣ ያለ ነገር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም እንዲከተሉ ታቅዷል። ራስ ገዝ ማለት ዩኒቨርሲቲው ገቢውን በራሱ ይፈልጋል ማለትም ነው፤ ከፍሎ የሚማር ተማሪ እየበዛ ይሄዳል። ያኔ «መክፈል የሚችለው ማነው፣ የማይችለውስ?» የሚለው ጥያቄ የሳሙና ብር ጥያቄ ብቻ አይሆንም፤ የመግባትና ያለመግባት ጥያቄ ይሆናል። መለያችን ዛሬም ያው የቀበሌ ደብዳቤ ከሆነ ከአሁኑ እንነጋገር።

አጠገብ ቁጭ የሚል ሰው

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ለኮሌጅ ድጋፍ የሚሞላ ረጅም ፎርም አለ፤ ብዙ ድሃ ቤተሰብ ሳይሞላው ይቀራል። ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞከሩ፤ ውጤቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ታተመ። ግብር ሊያሠሩ ከመጡ ቤተሰቦች ለአንዳንዶቹ ባለሙያው እዚያው ቁጭ ብሎ ፎርሙን አብሮ ሞላላቸው። ለሌሎቹ መረጃ ብቻ ሰጣቸው፤ ይህን ያህል ታገኛላችሁ፣ ሂዱና ሙሉ አላቸው። አብረው የሞሉት ቤተሰቦች ልጆች ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው በ8 ነጥብ ጨመረ። መረጃ ብቻ ያገኙት ላይ ለውጥ አልታየም።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጎበዝና ድሃ ለሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አንድ ደብዳቤ ላከ። ካለፍክ የትምህርት ክፍያ የለብህም፣ ድህነትህን እንድታስረዳ ፎርም አንጠይቅህም ይላል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ልጆች ደብዳቤው ባይላክም አብዛኞቹ ያንኑ ድጋፍ ያገኙ ነበር። የተለወጠው እርግጠኛ መሆናቸው ነው። ደብዳቤ ካልደረሳቸው መካከል ያመለከቱት 26 በመቶ ሲሆኑ፣ ከደረሳቸው 68 በመቶ አመለከቱ።

እኔ ከሁለቱ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ ድጋፍ መስጠት አይደለም። ድጋፍ የሚደርሰው ወይ ወረቀቱ ሲቀር፣ ወይ ደግሞ አጠገብ ቁጭ ብሎ አብሮ የሚሞላ ሰው ሲኖር ነው።

እኛ ጋ ሁለቱም ይቻላል። ቀበሌው የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ያለ፣ ወይም ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከዝርዝሩ «የተመረቀ» ቤተሰብ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ሌላ ማስረጃ ለምን ይጠየቃል? ስሙ በቀጥታ ይተላለፍ። ትምህርት ቤቱም አለ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ማን ድርቆሽ ይዞ እንደሚመጣ፣ ማን በባዶ ሆዱ እንደሚማር የክፍል ኃላፊው ከማንም በላይ ያውቃል። ልጁ ከመሄዱ በፊት ደብዳቤውን ትምህርት ቤቱ ቢጽፍለት ሁለት ቀን የሚያስኬድ መንገድ ይቀራል። ዝርዝሩንም ሰሌዳ ላይ አትለጥፉት። ለእያንዳንዱ ተማሪ በስልኩ መልእክት መላክ ይቻላል፤ ምንም አያስወጣም። ለአንዳንዱ ልጅ ግን ትልቁን እንቅፋት ያነሳለታል።

ዘንድሮ ለምትገቡ

መመሪያ እስኪለወጥ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን ከመሄዳችሁ በፊት አጽፉ። ገብታችሁ ለመመለስ አትሞክሩ። ቀበሌው «መሬት አላችሁ» ካለ ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንደሚበላበት ይጻፍልኝ በሉ። «ችግረኛ» የሚለውን ቃል መጻፍ የፈራ ሰው እውነቱን መጻፍ አይከብደውም። ከትምህርት ቤታችሁም አንድ ያዙ።

እያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ስልክ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ይገኛል። የኮስት ሼሪንግ ውሉን ስትፈርሙ ኮፒውን አስቀሩ። ሥራ ስትይዙም የተቆረጠባችሁን ደረሰኝ በየዓመቱ ሰብስቡ፣ እንደ እኔ ክረምቱን አታባክኑ።

ጊቢ እንደገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ቢሮ ሂዱ። ሴቶች የሥርዓተ ፆታ ቢሮውንም ጠይቁ። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። ነን ካፌ ለመሆን ከመወሰናችሁ በፊትም በወሩ የምትቀበሉት ብር ውጪ ስንት ቀን እንደሚያበላ አስሉ። ብሩ እጅ ላይ ሲገባ ብዙ ይመስላል፣ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

ሲኒየር የሆናችሁ ደግሞ ከአገራችሁ የመጡትን ፍሬሾች ፈልጉና «ደብዳቤ ይዘሃል ወይ?» በሏቸው። ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም። እኔ አልተናገርኩም።

ደብዳቤውስ?

የእህቴን ልጅ ነገር ልጨርስ። በማግስቱ እህቴን ደወልኩላት። ገና ከመጀመሬ «ልጄ ድሃ ተብላ ጊቢ አትገባም!» አለችኝ። እናታችን ጠላ እየሸጠች ስታሳድገን ማንንም አልለመነችም፣ እኔስ ለምን እለምናለሁ ነው ነገሩ። «እታለም፣» አልኳት፣ «እማዬ እኮ ለእኔ አጽፋልኝ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ እንዳለ ነው ይዤው የተመለስኩት።» ይህን ለአሥራ ሦስት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዝም አለች። ከዚያ «ሃንድአውት በእጅህ የምትገለብጠው ለዚያ ኖሯል?» አለች።

በሦስተኛው ቀን ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች። የልጅቷ የክፍል ኃላፊም አብረው ሄዱ። አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው መሬቱን፣ የቤተሰቡን ቁጥር፣ ያለፈውን ዓመት ምርት እየተናገሩ አስጻፉት። ልጅቷ የማኅተሙን ፎቶ ላከችልኝ። ትንሽ ተደብዝዟል፣ ግን ይነበባል።

ማታውን የድሮ ጓደኛዬን ቁጥር አፈላልጌ ደወልኩ። አሁን አግብቶ ያርሳል፣ ትልቁ ልጁ አራተኛ ክፍል ደርሷል። ብዙ ስላልተደዋወልን መጀመሪያ ላይ ቃል ጠፋን። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ መሆኑን ስነግረው እንኳን ደስ አላችሁ እንኳ አላለኝም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ደብዳቤውን ጻፉላት?» ብሎ ነው።

«ጻፉላት» አልኩት።

«ተመስገን» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታ የተለዋወጥነው።